ስሟን ሰርዘነው ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ የማስተርስ ተማሪ የጥናቱን ተሳታፊዎች የሚያስፈርምበትን የስምምነት ቅጽ «ይመልከቱልኝ» ብሎ ላከልኝ። ቅጹ ደህና ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቆምኩ። «የሰጡት መረጃ ማንነትዎ ሳይገለጽ ለሌሎች ተመራማሪዎች ሊጋራ ይችላል» ይላል። ደወልኩለት። «ገጠር ወርደህ ይህንን ለአንዲት እናት እንዴት ነው የምታስረዳት?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ስምዎትን አንጽፍም እላታለሁ» አለኝ።

እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለእሱ የጀመርኩት ደብዳቤ መጠይቅ ይዛችሁ ቤት ለቤት ለምትሄዱ ሁሉ ይሁን አልኩ።

ነገሩ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በአንድ ወረዳ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ጥናት ሠርተን ውጤቱን ለማቅረብ ተመልሰን ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የወረዳው ጤና ሰዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቀበሌ አመራሮች፣ የአገር ሽማግሌዎች አሉ። ፕሮጀክተሩ ላይ አንዲት ተሳታፊ የተናገረችውን ቃል በቃል አወጣሁት። ስም የለውም። ከሥሩ «ሴት፣ 38 ዓመት፣ ሁለት ጊዜ መንታ የወለደች» ይላል። የተናገረችው ደግሞ ባሏ ሳያውቅ በየሦስት ወሩ መርፌ እንደምትወጋ ነው።

ወደሚቀጥለው ልለፍ ስል ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ቀና ብል ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሯል። ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ስክሪኑን ያያል። በዚያ ቀበሌ ሁለት ጊዜ መንታ የተወለደለት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ባሏ እጁን አላነሳባትም፤ ግን አያናግራትም። ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ሳታወርድ አዳመጠችኝ። ከዚያ በንዴቷም አንቱታውን ሳትተው እንዲህ አለችኝ፦ «ለሌሎች እናቶች ይጠቅማል ብለውኝ ነው የነገርኩዎት። ለአገሩ ሁሉ ቢናገሩት ምንም አልነበረ። እዚህ ለምን ተናገሩት?» ቀጠለችና «ያ ወረቀት አሁን የት ነው ያለው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። መረጃው በእኔ ኮምፒውተር፣ በሁለት ባልደረቦቼ ኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ላይ ነበር። ፍላሹ የት እንደገባ አላውቅም።

ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ መረጃዋን ማካፈሉን አልጠላችውም። የምታውቀው ሰው ጆሮ መግባቱን ነው የጠላችው። እኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው የምናስበው። ውጭ አገር ስላለ ተመራማሪ እንጨነቃለን፣ ጎረቤቷን እንረሳለን።

«ሰው መረጃውን ማካፈል አይፈልግም» የሚል ወሬ በየስብሰባው ትሰማላችሁ። ዳታውን ቆልፎ መያዝ የሚፈልግ ተመራማሪ ይህን ማለት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባል የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በሕክምና ሙከራ የተሳተፉ 771 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። መረጃቸው ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢሰጥ 93 በመቶዎቹ እሺ ሊሉ እንደሚችሉ ተናገሩ። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 82 በመቶ ወረደ። ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ያሉት ከ8 በመቶ በታች ናቸው። ይበልጥ የገረመኝ ስጋታቸው ነው። ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው፣ መረጃ ይጋራል ሲባል ሌሎች ሰዎች ከጥናት ይሸሻሉ የሚለው ነበር። ከራሳቸው አስቀድመው የሚቀጥለውን ተሳታፊ አሰቡ ማለት ነው።

በእርግጥ እነዚህ ቀድሞውንም ለሙከራ እሺ ያሉ ሰዎች ናቸው። አገሩም ሌላ ነው። ቁጥሩን ገልብጣችሁ እኛ ቀበሌ ላይ እንዳትለጥፉት። የጥያቄያቸው አቅጣጫ ግን እኔ በየደጃፉ ከሰማሁት ጋር ይገጥማል። ሰው የሚጠይቀው ማን እንደሚወስደውና ለምን እንደሚወስደው ነው። እኛ አገር ላይ «ከመንግሥት ናችሁ?»፣ «ለግብር ነው?»፣ «መሬት ልትለኩ ነው?» ሆኖ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጓዳቸውን ሲያጫውቱኝ ቆይተው ፈርሙ ሲባሉ እጃቸውን የሰበሰቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዳንድ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ «አልገባቸውም» ብሎ ይጽፋል። ኧረ ገብቷቸዋል! ፊርማ በሕይወታቸው ምን ምን እንዳስወሰደባቸው ያውቃሉ።

ስም መሰረዝ ጭራሽ የማይነካው ስጋትም አለ። ወላይታ ውስጥ እግር የሚያሳብጠውን፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የዝሆኔ ዓይነት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ከዘረመል አንጻር ሊያጠኑ የተነሱ ተመራማሪዎች አስቀድመው ከኅብረተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ፈቃድ አወሩ። የሰዉ ፍርሃት «በሽታው የዘር ነው» መባሉ ነበር። እንዲያ ከተባለ ልጅ ትዳር ያጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ «ስምዎ አይጻፍም» ብትሉ ምን ይጠቅማል? የሚሰደበው ቤተሰቡ ነው። ተመራማሪዎቹ ስለ ጥናቱ ከማስረዳት ጋር አብሮ ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ በሽታውን እንደሚከላከል ማስተማር እንደሚያስፈልግ ያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ቀድመው ባይጠይቁ ኖሮ ይህ በየትኛውም ፕሮፖዛል ላይ አይገኝም ነበር።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ አልልም፤ ከእኔ የተሻለ ኮምፒውተር ታውቃላችሁ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስም የተሰረዘበትን የአሜሪካዋን የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ በ20 ዶላር ከገዛችው የመራጮች ዝርዝር ጋር አመሳክራ የግዛቲቱን ገዢ የዊልያም ዌልድን ፋይል እንዳገኘች ኮርስ ላይ ተምራችሁ ይሆናል። የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር በቅቷታል። እኔ እንኳ ያን ያህል አልደከምኩም። አንድ «መንታ» የሚል ቃል ጨረሰልኝ።

ይልቅ ብዙዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትጠቀሙበትን የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ተመልከቱ። የናሙና ቦታዎቹ ካርታ ላይ ከትክክለኛ ቦታቸው ሆን ተብለው እንዲሸሹ ተደርገዋል። ከተማ ውስጥ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር እስከ 5፣ ከገጠሮቹም 1 በመቶዎቹ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ተመዝግቦ ለጠየቀ ተመራማሪ መረጃው ሲሰጥ ኖሯል፤ መልስ የሰጠችው ሴት ቤት ግን አይገኝም። አንዲት እናት ከሥራዋ ተነሥታ ያንን ሁሉ ጥያቄ ስለመለሰች ነው እናንተ ጋውን የለበሳችሁት። ይህንን አንድ ጊዜ እንኳ አስባችሁት ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ዕድሜን በክልል አድርጉት፤ 38 ሳይሆን ከ35 እስከ 39። ቀበሌውን ትታችሁ ዞኑን ጻፉ። ሰውዬውን ከመንደሩ የሚለየው ነገር ለትንተናው ካላስፈለገ አውጡት። ስምና ኮድ የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍ፤ ቴሌግራም ላይ አይላላክ። (ስንቱን አይቻለሁ!) ከዚያ ሰንጠረዡን የዚያ መንደር ሰው ሆናችሁ አንብቡት። ጠላ ቤት ተቀምጣችሁ፣ ሥራ ፈትታችሁ፣ «ይቺ ማን ናት?» እያላችሁ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ እሱንም አንብቡት። የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው። ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆልኛል፣ አዋጁም ይፈቅድልኛል ብላችሁ ሰውን መጠየቅ እንዳትተዉ።

ተማሪው ትናንት መልሶ ደወለ። ዓረፍተ ነገሩን በሰው አፍ ቀይሮ ቅጹን ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሮታል። «የነገሩንን ሌሎች አጥኚዎችም ያዩታል። ስምዎ፣ ቀበሌዎ አይኖርበትም። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፣ መድኃኒት የሚሸጥ ድርጅትም ሊሆን ይችላል» የሚል ሆኗል። ብዙዎቹ እሺ አሉ። አንድ ሽማግሌ ግን «ለሐኪሙ ይሁን፣ ለነጋዴው ግን አይሁን» አሉት።

«አሁን ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ቅጹ ላይ ያለው የእሺታ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አንድ ነው» አለኝ።

«ሁለት አድርገዋ» አልኩት።