መልስ፦ አዲሱ ሞተር ሳይክል መታጠፊያ ላይ ለምን ከበደዎት?

ከቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ ወደ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን ከተሸጋገሩ በኋላ ሞተሩ መታጠፊያ ላይ የከበደዎትና ፍሬን ሲይዙ ወደ ፊት የሚደፋብዎት ብልሽት ኖሮበት አይደለም። የቀድሞው የፊት ጎማ 19 ኢንች፣ የአሁኑ ግን 21 ኢንች ስለሆነ በፍጥነት ላይ አቅጣጫ ለመቀየር ይዘገያል። የጂኤስ የፊት ሾክ ፍሬን ሲያዝ ብዙም እንዳይሰምጥ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ የአፍሪካ ትዊን ግን የተለመደው ዓይነት በመሆኑ ክብደቱ በግልጽ ወደ ፊት ይመጣል።

ስለዚህ የጊቤን ቁልቁለት ከመውረድዎ በፊት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ደጋግመው ይለማመዱ፦ ፍሬኑን መታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ቀስ አድርገው ይያዙ፤ ከዚያም ለቀቅ አድርገው መሪውን በሚታጠፉበት በኩል ወደ ፊት ገፋ ያድርጉት። የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎችን ለእጅዎ፣ የኋላውን ሾክ ደግሞ ለጭነትዎ ልክ ያስተካክሉ። እኔ በበኩሌ ይህን ሳላደርግ ረጅም መንገድ አልወጣም።

ከልምዴ አንድ ነገር ላሳስብዎት። አፍሪካ ትዊን ካቴና (የኋላውን ጎማ የሚያዞር ሰንሰለት) አለው፤ የቀድሞው ጂኤስዎ ግን ስለሌለው ካቴና ዘይት የመቀባት ልማድ አይኖርዎትም፤ የክረምቱ ቀይ ጭቃ ግን ካቴናው ላይ ሲደርቅ ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶች ቶሎ ይበላል። ዝናብ ውስጥ በነዱ ቁጥር አጽድተው ይቀቡት፤ ይህንንም ሞተሩን አጥፍተው፣ የኋላውን ጎማ በእጅዎ እያዞሩ ያድርጉት።