ክርስቲያን ግራ ዘመም ነው ወይስ ቀኝ ዘመም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአሜሪካ ሰባኪዎችን ቪዲዮ ያያል። «እውነተኛ ክርስቲያን ቀኝ ዘመም ነው» ብሎ መክብብ 10፥2ን ይጠቅሳል። እኔ ስለ ደመወዝ ሳነሳ «አንተማ ግራ ዘመም ነህ» ይለኛል። ተኳርፈን አብረን ምሳ መብላት ካቆምን ሦስት ሳምንት ሆነን። ማናችን ነን ልክ? እንዲህ ሆኜስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ግራ ቢገባህ አልፈርድብህም። ነገሩ የተጀመረው በወንበር ነው። በ1789 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ምክር ቤት የንጉሡን ሥልጣን የደገፉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ የተቃወሙት በስተግራ ተቀመጡ። ስሙ በዚያው ቀረ።

መክብብ «የጠቢብ ልብ በስተ ቀኙ ነው፥ የሰነፍ ልብ ግን በስተ ግራው ነው» ሲል ስለ ፓርቲ አያወራም። በዕብራውያን ዘንድ ቀኝ የክብር ወገን ነው። እኛስ ብንሆን በግራ እጃችን እናጎርሳለን እንዴ? ባልደረባህ በዚህ አያያዙ ከገፋ፣ «ወደ ቀኝም ወደ ግራም አትበል» የሚለውን ኢያሱ 1፥7ን ምን ሊያደርገው ነው?

ስለ ደመወዝ ማንሳትህ ግን ከግራ የመጣ ነገር አይደለም። ያዕቆብ 5፥4ን አንብብ። የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል፤ ጩኸቱም እግዚአብሔር ጆሮ ደርሷል። ይህ የተጻፈው ካርል ማርክስ ከመወለዱ ከ1,700 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ በሠራተኛ ማኅበራችሁ በኩል በእውነትና በጨዋነት ጠይቅ።

ባልደረባህም ባዶውን አይደለም። ፅንስ ማስወረድ ኃጢአት ነው፣ ጋብቻም የወንድና የሴት ነው ካለ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነው የተናገረው። አሜሪካ ውስጥ ይህን አጥብቀው የሚይዙት በአብዛኛው ቀኝ የሚባሉት ናቸው፤ ስለ ድሃው ደመወዝ አብዝተው የሚጮኹት ደግሞ ግራዎቹ። እነሱ ለሁለት ከፍለው አሰሩት። እኛ ሁለቱንም ከአንድ መጽሐፍ ነው የተማርነው፤ የእነሱን እስር ሳንፈታ እንድንሸከም ማን አዘዘን?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ «ግራ» የሚለው ቃል የራሱ ጠባሳ አለው። የግራው ተማሪ እንቅስቃሴ ታዋቂ ሰው ዋለልኝ መኮንን የተማረው እዚሁ ደሴ፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ሲል የጢሰኛው ግፍ እውነት ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ያኔ ሰፊ መሬት ነበራት፤ ይህን መደበቅ አያምርብንም። ደርግ በ1967 መሬት የሕዝብ ነው ብሎ አወጀ። ያው ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን አስሮ በ1971 ገደላቸው። ፍትሕ ያለበትን ጥያቄ ስትደግፍ ጠያቂው የሚያደርገውን ሁሉ አሜን ማለት የለብህም። ይህ ለቀኙም ይሠራል።

ወደ ቁርባኑ ልምጣ፤ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ጌታ ለገዢዎች ግብር ይሰበስብ የነበረውን ቀራጩን ማቴዎስንና ገዢዎቹን ከሚቃወሙት ወገን እንደነበረ የሚነገርለትን፣ ቀናተኛ የተባለውን ስምዖንን ከአሥራ ሁለቱ ቆጥሮ በአንድ ማዕድ አስቀምጧል። እናንተን አንድ ቪዲዮ ከምሳ ለያችሁ! ማቴዎስ 5፥24 መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ስለዚህ ሰኞ ምሳህን ይዘህ ከጎኑ ቁጭ በል። መክብብን አታንሳበት፣ እንጀራህን አካፍለው። እምቢ ካለህም የሆነውን ሁሉ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ መቼ እንደምትቆርብ እሳቸው ይነግሩሃል።