ቆዳዬ በ10 ቀን ድኖ ጅማቴ ለምን እምቢ አለ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር ልመልስልሽ ብዬ ጀምሬ ተውኩት፣ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ላላያችሁት፦ እህታችን ደረጃ ስትወርድ እግሯ ወደ ውስጥ ታጥፎባት ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ ራጅ ተነስታ "አጥንትሽ ደህና ነው፣ ወለምታ ብቻ ነው" ተባለች። የጉልበቷ ቁስል በ10 ቀን ዳነ። ቁርጭምጭሚቷ ግን ይኸው 5 ሳምንቱ፣ ጠዋት ስትነሳ ድርቅ ይልባታል፣ ስታዞረው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ "ቆዳዬ እንደዚህ ቶሎ ከዳነ ጅማቴ ምን ነክቶት ነው፣ ከነጭራሹ ቢሰበር ይሻለኝ ነበር እንዴ" ትላለች።

መጀመሪያ ያቺን "ብቻ" የምትለዋን ቃል አውጪያት። እኔ ፊዚዮቴራፒ ስሰራ 9 ዓመት ሆኖኛል፣ ተማሪ እያለሁ ግን ኳስ ስጫወት ቀኝ እግሬ ወለም ብሎኝ ልክ እንዳንቺ "ወለምታ ብቻ ነው" ተብዬ በፋሻ ጠቅልለው ሸኙኝ፣ ከዛ በኋላ ምን ላድርግ የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም አንድ ወር ሙሉ እግሬን ሰቅዬ ተቀመጥኩ፣ ህመሙ ሲጠፋ ድኛለሁ ብዬ ሜዳ ገባሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ያው እግር በዛው በኩል ድጋሚ ታጠፈ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም የባሰ ነበር። ለዚህ ነው ይሄን ጥያቄ ባየሁ ቁጥር ማለፍ የሚያቅተኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ቲሹ (ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ጅማቱ የተሰራበት ነገር) አንድ ዓይነት አይደለም፣ አዳዳኑም አንድ አይደለም፣ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ደግሞ ደም ነው። ለጥገና የሚያስፈልገው ነገር፣ ኦክስጅኑም ምግቡም ቆሻሻ የሚያፀዳው ህዋስም በደም ነው የሚመጣው፣ ደም እንደልብ የሚደርስበት ቦታ ቶሎ ይጠገናል፣ የማይደርስበት ይጎተታል።

ከቆዳሽ እንጀምር። የላይኛው ሽፋን ኤፒደርሚስ የራሱ የደም ስር የለውም፣ ስስ ጭረት የማይደማው ለዛ ነው። ስትወድቂ ጉልበትሽ ላይ ነጥብ ነጥብ እያለ የወጣው ደም ከስሩ ካለው ከደርሚስ ነው፣ እዛ ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቃቅን የደም ስሮች አሉ፣ እነሱ ሲገለጡ ነው እንደዛ በነጠብጣብ የሚደማው። እና ኤፒደርሚስ የራሱ ደም ባይኖረውም የተኛው ደም በሞላበት ነገር ላይ ስለሆነ አይራብም፣ በዛ ላይ ባትወድቂም ሁሌ የሚታደስ ነገር ነው፣ ከታች የተፈጠረው ህዋስ ወደላይ እየተገፋ ሄዶ እስኪረግፍ በግምት 4 ሳምንት ነው የሚፈጅበት። ቁስልሽን በ4ኛው በ5ኛው ቀን አስተውለሽው ከሆነ ደግሞ ከዳር ብቻ አልነበረም የሚድነው፣ መሃሉ ላይም ትንንሽ ሮዝ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ እነሱ ከፀጉር ስርና ከላብ ቱቦ ወጥተው የሚሰራጩ የቆዳ ህዋሶች ናቸው። እኔ ይሄ ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ጥልቅ ቁስል ሲሆን ግን እነዚህ የፀጉር ስሮችና የላብ ቱቦዎች አብረው ስለሚጠፉ ቆዳው ከዳር ብቻ እየዳኸ ነው የሚመጣው፣ ለዛ ነው ቆይቶ ጠባሳ የሚተወው።

አጥንትም ሰው እንደሚያስበው ደረቅ እንጨት አይደለም፣ ህይወት ያለው፣ ደም የሚዘዋወርበት ነገር ነው። ሲሰበር ይደማል፣ የረጋው ደም ላይ መጀመሪያ ለስላሳ ድልድይ ይሰራል፣ ከዛ ይጠነክራል፣ አብዛኛው ስብራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይገጥማል፣ ሲድንም መልሶ አጥንት ይሆናል እንጂ ጠባሳ ሆኖ አይቀርም። "ቢሰበር ይሻል ነበር" የሚሉት ከዚህ ተነስተው ይመስለኛል ግን አይሻልም፣ ቁርጭምጭሚት ሲሰበር ብዙ ጊዜ ጅማቱም አብሮ ይጎዳል።

ጅማት ላይ ነው ነገሩ። በአማርኛ ሁለት ነገር ጅማት ስለምንል ይምታታል፣ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ቴንደን ነው፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ሊጋመንት ነው፣ ያንቺ ሊጋመንቱ ነው። በውጭ በኩል ጉብ ያለውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ንኪ፣ ከሱ ትንሽ ወደፊትና ወደታች ጣትሽን አሳርፊ። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እዛ ጋ ያለው ነው። አናቶሚ ስንማር አስከሬን ላይ መጀመሪያ ሳየው አላመንኩም፣ ርዝመቱ 2 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ የሚመስል ነገር፣ ያን ሁሉ የእኔን ስቃይ ያመጣው ይሄ ነው እንዴ አልኩ። ውስጡ ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ባንድ አቅጣጫ ተጠቅጥቆ ነው ያለው፣ ህዋሱ ጥቂት፣ የደም ስሩም ጥቂት። ሲበጠስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያብጣል፣ ከዛ እስከ 6 ሳምንት ገደማ አዲስ ክር ይዘረጋል፣ ግን ያ ክር እንደተዘበራረቀ ልቃቂት ነው፣ ወዲህም ወዲያም የሄደ፣ ደካማ። እሱ ተስተካክሎ እስኪጠነክር ወራት፣ አንዳንዴ ዓመትና ከዛ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ 5ኛ ሳምንት ላይ ሙሉ በሙሉ አለመዳንሽ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም።

እና ክሩን በትክክለኛው አቅጣጫ የሚያስተካክለው ምን መሰለሽ፣ ጭነት ነው። ልክ ያለው፣ ቀስ እያለ የሚጨምር ጭነት። እኔ አንድ ወር ተቀምጬ ያበላሸሁት ይሄን ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሊጋመንትና የመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ነርቮች አሉ፣ እግርሽ አሁን በምን አቅጣጫ እንዳለ ሳታዪው ለአንጎልሽ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ወለምታ እነሱንም ይጎዳል። ህመሙ ጠፍቶ እግር የሚከዳው፣ ያው እግር ደጋግሞ የሚታጠፈው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጠዋት ድርቅ የሚልሽ ነገር ደግሞ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቶቹ ጫፍ ላይ ካርቲሌጅ አለ፣ ጆሮሽን እጠፊው፣ ያ የሚለጠጠው ነገር የሱ ዘመድ ነው፣ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ግን የበለጠ ልሙጥና አንፀባራቂ ነው። ካርቲሌጅ ጭራሽ የደም ስር የለውም፣ የሚመገበው በዙሪያው ካለው የጥሬ እንቁላል ነጭ ከሚመስል ፈሳሽ ነው፣ ስትረግጪ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ስታነሺ ይመጠምጣል። ካልተንቀሳቀስሽ ምግቡ ይቀንሳል። ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ያደረ መገጣጠሚያ ጠዋት ቢደርቅ አይግረምሽ፣ ትንሽ ስትራመጂ ከለቀቀሽ ጥሩ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚለው ወይ ፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ ነው ወይ ቴንደን አጥንት ላይ ሲንሸራተት ነው፣ ካላመመሽ ተይው።

በቃ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ እግርሽን አንጠልጥለሽ በአውራ ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ በቀን ሁለት ሶስቴ። ያ ሲቀልሽ ግድግዳ ይዘሽ በሁለት እግርሽ ተረከዝሽን ከመሬት ማንሳት። ከዛ ግድግዳ አጠገብ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም። ትንሽ ህመም ችግር የለውም፣ ግን በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ከባሰ አብዝተሻል ማለት ነው፣ ቀንሺ። እስኪያስለቅስሽ የሚያሽ ሰው ጋ ግን አትሂጂ፣ ገና የተዘረጋውን ክር መልሶ ሊጎዳው ይችላል።

ሐኪም ጋ ሳትውይ ሳታድሪ የምትመለሺው ደግሞ 4 እርምጃ እንኳን መራመድ ካቃተሽ፣ ጅማቱን ሳይሆን ራሱን ጉብ ያለውን አጥንት ስትጫኚው ከባድ ህመም ካለው፣ መገጣጠሚያው ተቆልፎ እምቢ ካለ፣ እግርሽ ከደነዘዘ፣ ወይም ባትሽ አብጦ ከሞቀ ነው። ራጅ አጥንት እንጂ ሊጋመንት አያሳይም፣ ስለዚህ እግርሽ እየከዳሽ ከቀጠለ "ራጁ ደህና ነው" ተብዬ ነበር ብለሽ አትቀመጪ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪልኝ፣ ግድግዳ አጠገብ ሁኚና በደህናው እግርሽ ስንት ሰከንድ እንደምትቆሚ ቁጠሪ፣ ቀጥሎ በተጎዳው፣ እስከ 30። ሁለቱንም ቁጥር እዚሁ ስር ጻፊልኝ፣ ከየትኛው እንቅስቃሴ እንደምትጀምሪ እሱን አይቼ ነው የምነግርሽ።