«ድምፃችን ለሱ ነው» ሲባል ያልተነሳችው ዘማሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ። ባለፈው እሑድ ስብከቱ እንዳለቀ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ማይኩን ያዙና ለምርጫ የሚወዳደር አንድ ሰው ወደ መድረክ ጠሩ። «ወንድማችን ነው፣ የቤታችን ልጅ ነው፣ ድምፃችን ለሱ ነው» ብለው ሁላችንም ቆመን እጃችንን ዘርግተን እንድንጸልይለት አደረጉ። እኔ አልተነሳሁም። እናቴ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፤ «ለሰው መጸለይ ምን ክፋት አለው?» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስለ ፖለቲካ ጭራሽ አፏን መክፈት የለባትም ባይ ናት። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለመነሳትሽ አላጠፋሽም። እናትሽንም ግን አትቀየሚያቸው፤ ለሰው መጸለይ በእውነት ክፋት የለውም። ሁሉም ዕጩዎች ተጠርተው ለሁሉም ቢጸለይ አንቺም የምትነሺ ይመስለኛል። ነገሩን ያበላሸችው «ድምፃችን ለሱ ነው» የምትለዋ ናት። ማን ተጠይቆ? እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሌላውን ሰው ልምረጥ ብሎ የቆረጠ ምዕመን አይጠፋም። እሱ በዚያች ደቂቃ ምን ያድርግ? ቢነሳ እግዚአብሔር ፊት ዋሸ፣ ቢቀመጥ ደግሞ ጎረቤቱ በጎን እያየ «ይሄ የማን ነው?» ይለዋል፤ የሚቀጥለው እሑድ ሰፈር ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይፈልጋል ወይም እቤቱ ይቀራል።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ከሷ ጋርም አልስማማም።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ለምን እንደመጣም ታሪካችን ይነግረናል። በ1948 የተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ በመንግሥት እንደምትደገፍ ጽፎ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በጸሎት ሁሉ እንዲነሳ ደንግጎ ነበር። ዘውዱ በ1967 መጀመሪያ ወደቀ። በዚያው ዓመት የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኗም መሬት አብሮ ሄደ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ከመንበራቸው ወረዱ፣ በ1971 ተገደሉ። ከመንግሥት ጋር አንድ ማዕድ ሲቆረስ የኖረበት ቤት መጨረሻው ይሄ ሆነ። ይሄን የማነሳው የኦርቶዶክስን ቁስል ለመነካካት አይደለም። ፕሮቴስታንቱም ዛሬ ተራው የደረሰ መስሎት ያንኑ ወንበር ሲመኝ ሳይ ስለሚያመኝ ነው።

ግን ያው አንቀጽ 11 ግፍ ያየ ሰባኪ ዝም ይበል አይልም፤ እኔ እንደዚያ አላነበውም። አቡነ ጴጥሮስን አስቢያቸው። በ1928 ፋሺስት አርበኞቹን እንዲያወግዙ ሲጠይቃቸው እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ያ ፖለቲካ አይደለም የሚል ካለ ይንገረኝ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አስቢያቸው። ወንጌልና የሰው ኑሮ አይነጣጠሉም ብለው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ደርግ ደጋግሞ አሠራቸው፤ ከአገር የመውጣት ዕድል መጥቶላቸው «መንጋዬን ትቼ የት እሄዳለሁ» በሚል ልብ ቀሩ፤ በሐምሌ 1971 ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። ሁለቱም «እገሌን ምረጡ» አላሉም። ለራሳቸውም ሥልጣን አልፈለጉም። ጉልበት ያለውን ሰው ፊት ለፊት «ይሄ ኃጢአት ነው» አሉት፤ ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን እንዳለው ማለት ነው። ናታን የዳዊትን የምርጫ ቅስቀሳ ሲመራ ቢከርም ኖሮ ያቺን ቃል ከየት ያመጣት ነበር?

የኛን ከተማ ደግሞ አንቺም ታውቂያታለሽ። በሰኔ 2010 እዚህ ሐዋሳ ብሔርን የለየ ግጭት ሲነሳ፣ ሰው ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ ባዶ እግሩንም የሆነው ባዶ እግሩን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሮጠው። እኔ በዚያ ሰሞን ዳቦ ይዤ ከሄድኩበት ግቢ ውስጥ አንዲት እናት የመዘምራን ቀሚስ መሬት ላይ አንጥፈው ሕፃን አስተኝተውበት አይቻለሁ፤ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ጥለት ያለበት ቀሚስ። ማንም የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቃቸውም። ያ ግቢ ከዚያ በፊት የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ ወገን ነው የሚል ስም ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ እኚያ እናት በሩን ደፍረው ይገቡ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ስለ መድረካችን እንዲህ የምንገበገበው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰው ሲገደል፣ ሲፈናቀል፣ ደመወዝ ወራት ሲቆይበት፣ ምርጫ ሲጭበረበር ቤተ ክርስቲያን ትናገር፤ ያደረገው የራሷ ምዕመን ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ትናገር። ማይኩን ለዕጩ አትስጥ። በዕጩ ገንዘብ ጣሪያ አታሠራ፤ የተበላ ብር አፍ ይዘጋል።

አንቺ አሁን ምን ታድርጊ? እሑድ በር ላይ አትከራከሪ። በአዘቦት ቀን ቀጠሮ ያዢና ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አነጋግሪያቸው፤ ከቻልሽ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። «ሌሎቹ ዕጩዎችስ ቢመጡ እንዲሁ ይጸለይላቸዋል?» በያቸው። አዎ ካሉ እሰየው። አይ ካሉሽም መልሱን ከነሱ አፍ መስማትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኳየሩን ግን በዚህ ምክንያት እንዳትተዪ።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነኝ። የፖለቲካ ፓርቲ አባል ብሆን ኃጢአት ነው? (ከአቶቴ)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ዜጋ ነህ፣ መብትህ ነው። ለመወዳደር ከወሰንክ ግን ምርጫው እስኪያልፍ ከአገልግሎቱ ፈቀቅ በል፤ ዓውደ ምሕረት ላይ ቆመህ የምትናገረውን ልጆቹ የፓርቲህ ቃል ነው ወይስ የወንጌል ብለው እንዳይቸገሩ። ፖስተርህንም በግቢው አጥር ላይ አትለጥፍ።