የሞራ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ዕይታ ለምን ይፈዛል?

ጥያቄ፦ እናቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት አለባቸው። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 6 ሳምንት ሆናቸው። መጀመሪያ ጥሩ ያዩ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ሳያማቸው ያው ዓይን ፈዘዘ። «ሌንሱ ደህና ነው፣ ምክንያቱ አልታወቀም» ተባልን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሌንሱ ደህና ነው ማለት የዓይኑ የፊት ክፍል ታይቷል ማለት ነው። የደም ግፊት በብዛት የሚጎዳው ግን ከኋላ ያሉትን ሬቲናንና (ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ንጣፍ) የዕይታ ነርቭን ነው። ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ የኋላው ክፍል ሳይታይ «አልታወቀም» በሚል መልስ እባክዎ አይመለሱ።

ወፍራም ወረቀት በመርፌ 1 ሚሊሜትር ያህል ይብሱና፣ ደህናውን ዓይን ሸፍነው በቀዳዳው እንዲያዩ ያድርጉ። ከጠራላቸው ችግሩ ምናልባት የመነጽር ነው። ካልጠራ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

በ6ኛው ሳምንት መጀመሪያ የምጠረጥረው የሬቲናው መሃል፣ ማኩላ፣ ውሃ መቋጠሩን ነው። ፊደል መሃሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይጣመማል። ሬቲናን በብርሃን በሚያነሳው በኦሲቲ (OCT) ምርመራ በግልጽ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ በፀረ ብግነት ጠብታዎች በሳምንታት ወይም በወራት ይድናል። ስቴሮይድ ያለበት ፀረ ብግነት ጠብታ የዓይን ውስጥ ግፊት ሊጨምር ስለሚችል የዓይኑ ግፊት መለካት አለበት። የሬቲና ደም መልስ ተዘግቶ ከሆነ ደም የፈሰሰበት ይታያል፤ ማኩላው ካበጠ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስፈልጋል።

ጠዋት ሲነሱ የዕይታቸው የታችኛው ወይም የላይኛው ግማሽ ጨልሞ ከነበረ የነርቩ ደም ዝውውር ተቋርጦ ይሆናል። ሐኪሙ ባትሪ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ሲያዛውር የተጎዳው ዓይን ብሌን በመጥበብ ፈንታ ይሰፋል። የጠፋውን ዕይታ እንደሚመልስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ትግሉ ሌላውን ዓይን ለማትረፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ሲተኙ የሚወሰድ የደም ግፊት ክኒን ሌሊት የደም ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። ራስ ምታትና ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም ካለ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ብግነት የሚያሳዩት የኢኤስአርና የሲአርፒ የደም ምርመራዎች ይደረጉ፤ ስቴሮይድ ሊያስፈልግ ስለሚችል መዘግየት ሌላውንም ዓይን ሊያሳጣ ይችላል።

የደም ግፊቱ ከ180/120 በላይ ሆኖ ዕይታ ከቀነሰ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቶሎ ይውረድ ብላችሁ ክኒን አትደርቡ፤ በድንገት ሲወርድ ነርቩ ደም ሊያጣ ይችላል። ዓይን ከቀላና ካመመ፣ ብልጭታ ወይም መጋረጃ መሰል ጥላ ከታየም ያው ነው፦ ዛሬውኑ።