የጣት አጥንቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ትንሿ የእግሬ ጣት ከአልጋ ጋር ተጋጭታ ስላበጠች ራጅ ተነሣሁ። ስብራት የለም ተባልኩ፤ ግን «ይቺ ጣት ያላት ሁለት አጥንት ብቻ ነው» አሉኝ። አንድ አጥንት ጎድሎኛል ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አልጎደለዎትም። በደንቡ አውራ ጣት ሁለት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት አጥንት አላቸው፤ በአንድ እጅ 14፣ በአንድ እግር 14፣ በድምሩ 56 ማለት ነው። ትንሿ የእግር ጣት ግን ብዙ ጊዜ ከደንቡ ትወጣለች፤ የመካከሉና የጫፉ አጥንት ሳይለያዩ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ጤነኛ ሰው እንዲህ ነው፣ ለመራመድም አያውክም።

ለሕመሙ ትንሿን ጣት ከጎረቤቷ ጋር ይሰሯት። መጀመሪያ በመካከላቸው ፋሻ ያስገቡ፤ ያለዚያ ቆዳው በላብ ርሶ ይቆስላል። ፕላስተሩ መገጣጠሚያው ላይ አይረፍ። የጣቷ ጫፍ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ጠብቋልና ያላሉት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ መረብ ኳስ ሲጫወት ኳሱ የቀለበት ጣቱን ጫፍ መታው። ጫፉ ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ በሌላ እጁ ሲደግፈው ይቃናል፣ ሲለቀው ይወድቃል። በጥፍሩ መነሻ ላይ ደም አለ። ጎረቤቶቼ «ወጌሻ ጋ ወስደሽ አሳሺው» ይሉኛል።
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይታሽም፣ አይሳብም። ከቦታው የወጣ መገጣጠሚያ ስላልሆነ የሚመለስ ነገር የለም።

ጣት ራሱ ውስጥ ጡንቻ የለም። ጫፉን የሚዘረጋው ጡንቻ ክንድ ላይ ነው፤ ጉልበቱ የሚደርሰው በጣቱ ጀርባ በሚያልፍ ስስ ጅማት ነው። ጅማቱ የሚያርፈው በመጨረሻው አጥንት መነሻ፣ ከጥፍሩ ሥር ትንሽ ወደ ኋላ ነው። የተዘረጋን ጣት ኳስ በድንገት ሲያጥፈው ጅማቱ ይበጠሳል፤ ወይም የአጥንት ስባሪ ይዞ ይነሣል። በመዳፍ በኩል ያለው ጅማት ግን ደህና ስለሆነ ጫፉን ወደ ታች ይስባል።

ልጅ ላይ ነገሩ ይለያል። አጥንቱ የሚረዝምበት ልም አጥንት እዚያው መነሻው ላይ ነው፤ በ12 ዓመት ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ከጅማቱ በፊት የሚሰበረው እሱ ሊሆን ይችላል። እኛን ያሳሰበን ደሙ ነው። ጥፍሩ ከቆዳው እጥፋት ወጥቶ ከሌሎቹ የረዘመ ከመሰለ፣ ስብራቱ ለውጭ ክፍት ነው ማለት ነው። ከጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ በስብራቱ መካከል ሊገባም ይችላል። ሳይታጠብ ከቆየ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ጫፉም ማደግ ሊያቆም ይችላል።

ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። እስከዚያ በንጹሕ ውሃ ያጥቡለት፣ በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ ነገር ደግፈው ይሰሩት፤ ጥፍሩን አይንቀሉ። ራጁ የዚያን ጣት ብቻ በትክክል ከጎን እንዲያሳይ ይጠይቁ። ከፊት ሲነሣ ስብራቱ ሊያመልጥ ይችላል፤ ሙሉ እጅ ከጎን ሲነሣ ደግሞ ጣቶቹ ይደራረባሉ።

ደም ከሌለና የተበጠሰው ጅማቱ ብቻ ከሆነ (አዋቂ ላይ የሚበዛው ይህ ነው) ጫፉ ብቻ ቀጥ ተደርጎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀንና ሌሊት ይታሰራል፤ የመካከሉ መገጣጠሚያ ነፃ ይሁን። ሕክምናው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሊታጠብ ሲፈታው ነው፤ ጫፉ አንዴ ከወደቀ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ማሰሪያውን ሲቀይሩ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከዚያ ሳያነሡ ያውልቁ። ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከታጠፈ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ቆዳ ይነጣል፤ ያኔ ያላሉት፣ አለዚያ ይቆስላል።

ጥያቄ፦ ጣቶቼን ቋ ማድረግ ሪህ ያመጣል?
ተማሪ፣ ከመቀሌ

መልስ፦ አያመጣም። መገጣጠሚያው ሲሳብ በውስጡ ባለው ፈሳሽ የጋዝ አረፋ ይፈጠራል፤ ያው ጣት እንደገና ለመጮህ 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅበትም ለዚህ ነው። ታጥፎ ተይዞ በድንገት ቋ ብሎ የሚዘረጋ ጣት ግን ሌላ ነው፤ መዳፍ ላይ የጅማቱ ማለፊያ ጠብቧልና ሐኪም ይየው።