ትናንት ማታ ምን በላችሁ?

ሶሻል ለገባችሁና ልትገቡ ለምታስቡ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሶሻል ሳይንስ መምረጧን ስትናገር ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አባቷ “እሺ፣ ተመርቀሽ ምን ልትሆኚ ነው?” አላት። ለእሱ ትምህርት ማለት ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ግፋ ቢል አካውንቲንግ ነው። አልፈረድኩበትም። መንግሥት ራሱ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ብሎ ለዓመታት የሠራበት አገር ነው። የዚያን ቀን ለልጅቷ በቅጡ አልመለስኩላትም፤ እንግዲህ ለእናንተም ከጠቀመ ብዬ ልጻፈው።

ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆኜ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት እርዳታ የሚገባቸውን ቤተሰቦች ለመለየት ቤት ለቤት እንዞር ነበር። በእጄ የታተመ መጠይቅ ይዣለሁ። አንዷን ባሏ የሞተባት እናት ከበራፏ ላይ አቁሜ “በቀን ስንት ጊዜ ትመገባላችሁ?” አልኳት። “ሦስት ጊዜ፣ ተመስገን” አለችኝ። ጻፍኩ። ግባና ቡና ጠጣ ብላ ለመነችኝ፤ የቀሩኝ ቤቶች ብዙ ስለነበሩ አመስግኜ አለፍኩ። ዝርዝሩ ሲወጣ ስሟ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ እዚያው ስመለስ የሰፈሩ የእድር ዳኛ ወደ ጥግ ወሰዱኝና “አንተ ልጅ፣ ጎረቤት ቆሞ እየሰማ ‘ርቦኛል’ የምትል እናት የት አይተሃል?” አሉኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ስጠይቃት ከኋላዬ የቀበሌው ሰው፣ ሁለት ጎረቤቶችና የሰፈሩ ሕፃናት በሙሉ ቆመው ነበር። ያንን ቡና ብጠጣ ኖሮ ቤት እገባ ነበር፤ ብገባ ደግሞ ማድጋው ባዶ መሆኑን አይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲያ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። “ትናንት ማታ ምን በላችሁ? እህሉ ከየት መጣ? መጨረሻ የበላው ማን ነው?” ነው የምለው። ሰው በደፈናው ሲጠየቅ ሊሆን የሚገባውን ይመልሳል፤ ስለ ትናንት ሲጠየቅ ግን የሆነውን ያስታውሳል። የሚያናድደው ይህ ሁሉ ደብተሬ ላይ ነበር። ሪሰርች ሜተድ የሚባለውን የጥናት ዘዴ ኮርስ ሸምድጄ “ኤ” አግኝቼበታለሁ።

ስለዚህ ለፈተና ብቻ አትማሩ። የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠናውን ሶሻል አንትሮፖሎጂን ፍሬሽማን ላይ እንደ ማለፊያ የምታዩት ካላችሁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ የሰፈራችሁ እድር ስብሰባ ላይ ቁጭ በሉ። ማን ቀድሞ ይናገራል? ማን ዝም ይላል? ዝም ያለው ሰው ከስብሰባው በኋላ ለማን ሹክ ይላል? ሒሳብ ሸሽታችሁ የመጣችሁም ተሳስታችኋል፤ ስታትስቲክስ እዚህም ይጠብቃችኋል፣ ደግሞም ያስፈልጋል። የአንዲት እናት ታሪክ ያሳዝናል፤ የወረዳውን በጀት የሚያንቀሳቅሰው ግን እንደ እሷ ያሉት ስንት እንደሆኑ ማወቅ ነው።

ሥራ የት አለ ለሚለው፦ ትምህርት ቤት አማካሪ፣ ሆስፒታል፣ የቤተሰብ ችሎት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት። ደመወዙ አያኩራራም፤ ከወዲሁ እወቁት። የእኔ ሙያ ሶሻል ወርክም ቢሆን እዚህ አገር ተረጋግቶ አልኖረም። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተከፈተ፣ በደርግ ዘመን ተዘጋ፣ እንደገና ራሱን ችሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመሀል የነበርነው በሶሺዮሎጂ ሥር ተጠልለን ነው የተማርነው።

አንድ ሌላ ቋንቋ ልመዱ። ሆስፒታል ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቷን የማኅፀን ሕመም ለሐኪሙ ስታስተረጉም አይቻለሁ። እናትየዋ ግማሹን ዋጠችው፤ ልጇ ፊት እንዴት ትናገረው? ያን ቀን ቋንቋዋን የሚያውቅ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቢኖር ነገሩ ሌላ ነበር።

ደግሞም የሰው ገበና በእጃችሁ ይገባል። ስም ጠቅሳችሁ ለጓደኛ አታውሩ፣ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። የሰማችሁት ሲከብዳችሁ ግን ከባልደረባ ጋር ተመካከሩ፤ እኔ ዓመታት ሙሉ ብቻዬን ስብሰለሰል ኖሬ እንቅልፍ ያጣሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ያቺ እናት በሚቀጥለው ዙር ስሟ ገባ። ልነግራት ቤቷ ሄድኩና ቡናዋን ከአቦል እስከ በረካ ጠጣሁ። ስለ ፊተኛው መጠይቅ አንድም ቃል አላነሳችብኝም። እኔም ይቅርታ ልላት ሦስቴ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቴም ስለ ቡናው ነው ያወራሁት።